ለሰማይ ድንጋይ ስም ሲወጣ

ልጅ ሳለሁ ስሜ ጉድፌ ነበር። አትሳቁ፤ ያኔ የተሳቀው ይበቃል። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁለቱ ወንድሞቼ ያማረ ስም ወጥቶላቸው ነበር አሉ፤ አንዱ ዓለማየሁ፣ አንዱ ሀብታሙ ተብለው፣ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሄዱ። እኔ ስወለድ ታዲያ እናቴ ሞት እንዳይጎመጀኝ ብላ ከቤት ጥራጊ ላይ ስም አንስታ ሰጠችኝ። ሞት በእርግጥ ንቆኝ አለፈ። የትምህርት ቤት ልጆች ግን አልናቁኝም፤ «ጉድፌ፣ ሽሽ! መጥረጊያ መጣልህ!» እያሉ ከእንጅባራ ወደ መንደራችን ወደ ጥርባ ይሸኙኝ ስለነበር፣ ያን ዳገት ስሮጠው ባጃጅ ቀድሜ የገባሁበት ቀን አለ። ባጃጁ ቆሞ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አትስሟቸው።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ነገሩ ጠበቀ። መምህራችን ለፈተና ሊመዘግቡን ሲሉ፣ «ስሙን የሚያስተካክል እስከ ዓርብ ወላጁን ይዞ ይምጣ፤ ከዚያ ወዲያ የተጻፈው እስከ መቃብር ይከተላችኋል» አሉን። እግሬ መሬት ሳይነካ ቤት ደረስኩ። እናቴ ግን ገና ሳልጨርስ አፌን በመዳፏ ያዘችው።

«ዝም በል! ሁለቱን ያስበላኝ የስማቸው ማማር ነው። ጉድፌ ብዬህ ይኸው ጢም ልታወጣ ነው፤ ምን ቀረብህ?»

የቀረብኝን ብነግራትም አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ፍርሃቷ በለጠባት።

ያን ሰሞን በእኛ አገር ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከሉ ከሰል ማክሰል የገበሬው ሁሉ ሥራ ሆኖ ነበር። እንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይለበጥና ይለኮሳል፤ ከዚያ በኋላ ጥበቃ ነው፤ አፈሩ አንድ ቦታ ተሸንቁሮ ነፋስ ከገባበት ያ ሁሉ ልፋት አመድ ሆኖ ይገኛል። አባቴ ከሰል ሊሸጥ ዳንግላ ሲወርድ፣ ክምሩን የምንጠብቀው እኔና የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ ነበርን። ነጩ ጭስ በዛፎቹ መካከል እየተንከባለለ ዓይናችንን ሲያስለቅሰው፣ ፋኖሱ ከግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ፣ ድንቹ ከፍሙ ዳር ተጠብሶ ልጡ ሲፈነዳ፣ ያኔ የአያ ደምሴ አፍ ይከፈታል። እሳቸው አንድን ነገር እንደሆነው አድርጎ መናገር፣ ለእንግዳ ጨው የሌለው ወጥ እንደማቅረብ ነውር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሙያውን የተማርኩት ከእሳቸው ነውና፣ እናንተም የጨውን ያህል ቀንሳችሁ እመኑኝ።

ሐሙስ ማምሻውን እናቴ ቆሎ ይዛልን መጥታ ከፍሙ አጠገብ አረፍ እንዳለች፣ አያ ደምሴ አንቴናውን በሽቦ ያሰሩትን ሬዲዮናቸውን ከፍ አድርገው ከች አሉ።

«ጉድ ሰማሁ! ሰማይ ላይ እኮ የድንጋይ መንጋ አለ!»

አስትሮይድ ይባላሉ አሉን፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ሆነው፣ እንደ አውድማ በሬ ፀሐይን ሲዞሩ የሚኖሩ ናቸው፤ አንዳንዱ ከእኛ ጎጆ አይበልጥም፣ አንዳንዱ ጎጃምን ከነዓባይ ይውጣል። ለመጀመሪያዎቹ ድንጋዮች፣ የጥንት ሰዎች ያመልኳቸው የነበሩ የሴት አማልክት ስም ወጣላቸው፤ አንዷ የእህል፣ አንዷ የምድጃ እሳት ጠባቂ ነበረች። ድንጋዩ ግን እንደ ክረምት እንጉዳይ ሲፈላ፣ አማልክቱ አለቁ! ከዚያ ወዲያ ወደ ከተማ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ዘፋኝ፣ ወደ ሚስት ስም ተዞረ።

«ኢትዮጵያ የሚባልም አለ!» ብለው ብድግ አሉ።

በኋላ መምህራችን በስልካቸው ፈልገው ይቺን እውነት ሆና ሲያገኟት አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች ለአያ ደምሴ ደውለው «ተሳስተን እንደሆነ ያርሙን» ብለዋል ሲሉ እሳቸው የጨመሩትን ግን ስልኩ ላይ አላገኙትም።

ስሙን መርምረው የሚያጸድቁ የሰማይ ሽማግሎችም አሉ ተባልን። በገንዘብ አይገዛም፤ ረጅም ስም አይፈቀድም፤ ጦረኛና ፖለቲከኛ ከሞተ መቶ ዓመት ሳይሞላው አይታሰብም። እዚህ ድረስ ደስ እያላቸው መጥተው አያ ደምሴ ድንገት ፊታቸው ጠቆረ።

«የቤት እንስሳ ስም ግን አይወደድም አሉ። ምን ማለት ነው? የእኔን ቦራ ፈረስ ስለማያውቁ ነው! በጥር ጊዮርጊስ ሲጋልብ እኮ ጥላው የሚደርሰው በማግስቱ ነው!»

እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነበር። «አያ፣ ገና እንደተገኘ ነው ስም የሚያወጡለት?» አልኳቸው።

«የለም! መጀመሪያ የተገኘበትን ዓመትና ፊደል ይለጥፉበታል፤ ምልክት ነው እንጂ ስም አይደለም። ብዙው ታይቶ ይጠፋላ! ስለዚህ ይጠብቁታል። ዞሮ ሲመጣ ያዩታል፣ ደግሞ ዞሮ ሲመጣ ያዩታል። መንገዱ ተረጋግጦ ነገ የት እንደሚውል ሲታወቅ፣ ያኔ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ያገኘው ሰው ስም ያወጣለታል። መብቱ የአግኚው ነው!»

እናቴ ቆሎውን መዝገን አቆመች።

«አያ ደምሴ፣ በሞቴ፣ ይቺ ላይ ከራስዎ አልጨመሩም?»

«ይቺንስ እንዳለች ነው የነገርኩሽ» አሉ ዝግ ብለው። እሳቸው ዝግ ብለው ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ስንት ጊዜ ሲመለስ ነው የሚያምኑት?»

«ሦስትም፣ አራትም... እንደ ድንጋዩ ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄስ ከእንጅባራ ስንት ጊዜ ተመለሰ?»

ጭሱ ከነጭ ወደ ሰማያዊ መዞር ጀምሮ ነበር፤ እንጨቱ ደርሷል ማለት ነው፤ ግን አንዳችንም ተነሥተን አላየነውም። አያ ደምሴ ስም ይደረድሩ ጀመር። «ዓለም ሰገድ! ሰማይነህ! ሺህ ጦር የማይመልሰው!»

«ረጅም አይፈቀድም አላሉም?» አለች እናቴ፤ ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ አለ። «ደግሞስ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ዓርብ ጧት አብራኝ ወረደች። መምህራችን ስሙን ሲጠይቋት፣ ከበሩ ጀርባ የሚያዳምጥ ያለ ይመስል ዞር ብላ አየችና፣ «አለልኝ» አለች በሹክሹክታ።

«ምን አሉኝ እናቴ?»

«አለልኝ!» ብላ ስትወጣ፣ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ረስታ ነበር።

ነጠላዋን ይዤ ወደ ማታ ስመለስ ከክምሩ አጠገብ ካለው ጉብታ ላይ ቆማ አየኋት። ጉድፌ ብላ ስትጠራኝ ዘወትር ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ያን ቀን ግን ሞትም ይስማ፣ ጎረቤትም ይስማ ያለች ይመስል ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አለልኝ!» ብላ ጮኸች። ከጉብታው በታች ያለው የዘንገና ሐይቅ ተቀብሎ ሰባት ጊዜ አስተጋባው። እኔ ደግሞ ማንን ነው የምትጠራው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ሰው የለም። መንገዴን ቀጠልኩ። ሁለተኛ ጠራችኝ፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረ። ያኔ ገባኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ያማሩ ስሞች ጠርታ ነበር፤ «አቤት» ለማለት የደረሰላት ግን አልነበረም።

«አቤት!» አልኩ። «አቤት እማ! መጣሁ!» ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ያን ጊዜ ባጃጁ ቢሄድም ኖሮ እቀድመው ነበር።

ከአያ ደምሴ ወሬ ብዙው ከጭሱ ጋር ሄዷል፤ የእህሏንና የምድጃዋን አማልክት ስም እንኳ ዛሬ አደባልቀዋለሁ። አንድ ልማድ ግን አብሮኝ ቀርቷል፤ ሰው በስሜ ሲጠራኝ፣ ከጎኔ ቢቆምም፣ አገር እስኪደነግጥ ጮክ ብዬ ነው አቤት የምለው። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። በስምና በአቤት መካከል ያለችው ጊዜ ለጠሪው ምን ያህል እንደምትረዝም፣ ያን ቀን ጉብታው ላይ ደርሼ ከእናቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ።