የእትዬ ዘነበች ሰማያዊ ቆርቆሮ

ሰሞኑን ዝናቡ እንዳባራ ከቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ የራሰ ድንጋይ ሽታ መጣብኝና እግሬ ሳላዘው ወደ ኮረብታው፣ ወደ ሐውልታችን አዞረኝ። «ሐውልታችን» የምለው ባደግኩበት ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ከየትኛውም ደጃፍ ቀና ሲሉ ይታይ ስለነበር ነው፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠማዘዝ ደረጃ ያለው የጥቁር ድንጋይ ግንብ።

በልጅነቴ በሩ የሚከፈተው በዓመት አንዴ፣ በሰማዕታቱ መታሰቢያ ቀን ብቻ ነበር። ሐውልቱ ከቆመላቸው ሰማዕታት አንዱ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች አባት ናቸው፤ እትዬ ግን የአባታቸውን መልክ እንኳ አያስታውሱም። ታዲያ አባታቸው ከሐውልቱ ጫፍ ቁልቁል ሲያዩ የልጃቸውን ቤት እንዲለዩ ከጣራቸው አንዷን ቆርቆሮ ሰማያዊ አስቀብተው ነበር። ጎረቤቱ «ዘነቡ፣ አባትሽ አድራሻ ይጠፋባቸዋል እንዴ?» እያለ ሲያሾፍ፣ «ሰፈሩ ሁሉ ዝገት፤ በምን ይለዩኝ?» ይሉ ነበር።

ጉልበታቸው ደረጃ ስለማይወጣ ቆርቆሮዋ ከጫፍ ትታይ እንደሆነ የሚያይላቸው ሰው ፈለጉ። ልጆቹ ሁሉ «ትታያለች!» እያሉ ይወርዳሉ፤ እሳቸው ግን «እነዚህማ ለከረሜላ ሲሉ ደብረ ብርሃንም ይታያል ይላሉ፤ አንቺ ነሽ ያላየሽውን የማትናገሪው» ብለው እኔን ይልኩኛል። እኔ ደግሞ ከፍታ እፈራለሁ። በየዓመቱ ከግማሽ መንገድ፣ ወደ አምስት ኪሎ ከምታሳየው ጠባብ መስኮት ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆይቼ እመለሳለሁ።

«አልደረስኩም፣ እትዬ።»

«ምን አለበት፣ ለከርሞ። እግርሽም ይረዝማል፣ እሱም የትም አይሄድ።»

እውነትም ግንቡ የትም አልሄደም። የሄደው ሰፈሩ ነው፤ ፈርሶ ነዋሪው ተበተነ፤ ለእትዬ ዘነበችም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው።

አሁን በሩ ዘወትር ክፍት ነው፣ ደረጃውም የብረት መደገፊያ ተሠርቶለታል። እሱን ጨብጬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፍ ደረስኩና ደወልኩላቸው።

«ጫፍ ላይ ነኝ፣ እትዬ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! አላዞረሽም?»

«አላዞረኝም።»

«በይ ንገሪኝ፣ ምን ይታያል?»

«መንገድ ይታያል። ሣር ይታያል።»

«ቤታችን የነበረበትስ?»

ግቢያችንን፣ የውኃ ቦኖውን፣ ወደ ትምህርት ቤት የምሮጥበትን ቅያስ ከሣሩ ሥር በዓይኔ ፈለግኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነበር፤ ቦታውን እንኳ ለይቼ መጠቆም አልቻልኩም። እሳቸው ደግሞ፣ ያላየሁትን እንደማልናገር ስለሚያውቁ፣ መልሴን ይጠብቁ ነበር።