የእማማ ዘርፌ ወተት

ባለፈው ሳምንት አዘዞ ካለችው መድኃኒት ቤቴ አንድ ወጣት ገብቶ ዶክሲሳይክሊን ጠየቀኝ። ማለቁን ስነግረው፣ «እንግዲያው ቴትራሳይክሊን ይስጡኝ፤ ያው አንድ አይደሉ?» አለ። «ወንድማማች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው» አልሁት። እሱ ስቆ ወጣ፤ እኔ ግን ሐሳቤ ወደ አይከል ነጎደ።

ትምህርቴን እንደጨረስሁ የተመደብሁት ከአይከል ወጣ ብላ ካለች ጤና ጣቢያ፣ መድኃኒት ክፍል ነበር። ሁዳዴ ነው፤ መንገዱ አቧራ፣ ምሳችን ሱፍ ፍትፍት። የዚያን ጊዜውን ሱፍ ዛሬም ሳስበው ምራቄን እውጣለሁ። አከራዮቼ አያ ንጉሤና ባለቤታቸው እማማ ዘርፌ፣ ሳይሰስቱ እንደ ልጃቸው ያበሉኝ ነበር።

በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ተስቦ ጣላቸው። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ቴትራሳይክሊን እኔው ሰጠኋቸው፦ በባዶ ሆድ፣ በቀን አራት ጊዜ። «ከወተት ጋር አይወሰድም» የምትለዋን ግን ዘለልኋት። በሁዳዴ ማን ወተት ይጠጣል ብዬ!

ለካስ በአገሩ ብርቱ መድኃኒት አንጀት ያቃጥላል፣ ማብረጃውም ወተት ነው ይባላል። የንስሐ አባታቸው ለሕመምተኛ ይፈቀዳል ብለው ለሁለቱም ፈቀዱ። አያ ንጉሤ «ፆሜን አልፈታም» ብለው በውኃ ዋጡት፤ በአራተኛው ቀን ከደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። እማማ ዘርፌ በወተት ዋጡት፤ ትኩሳቱም ጠናባቸው። ልጠይቃቸው ገብቼ ከራስጌያቸው የወተት ኩባያ አየሁ። ወተት ቴትራሳይክሊንን ከሆድ አስሮ ያስቀረዋል።

ሮጬ ለሐኪሙ ነገርሁት። ተቆጣኝና ወደ ዶክሲሳይክሊን ቀየረላቸው። ይኼኛው በቀን ሁለቴ ብቻ ነው፤ ምግብ አይከለክልም፤ ወተትም ያን ያህል አይረታውም።

መድኃኒቱን ይዤ ስመለስ እማማ ዘርፌ እጄን ያዙኝ። «አየሽ ልጄ፣ እሱ ፆመና ዳነ። እኔ ገደፍሁና ተቀጣሁ። ምነው ሆዴን ባልሰማሁት!»

«ይኼኛው ሸጋ መድኃኒት ነው እማማ፤ ያድንዎታል» አልሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የምትለዋን ግን ዋጥኋት። አፈርሁ። እንጀራቸውን እየበላሁ ልገድላቸው እንደነበር በምን አፌ ልናገር?

ዳኑ። ለፋሲካ አብረን ፈሰክን። እርጎ ሲቀርብ ግን ኩባያቸውን ወደ እኔ ገፉት። «አንቺ ጠጪልኝ። እኔ ለንስሐዬ ትቼዋለሁ» አሉ። እርጎውን ተቀብዬ ጠጣሁት።

እማማ ዘርፌ ካረፉ ቆይተዋል። እስከ ዕለተ ሞታቸው ወተት በአፋቸው እንዳልዞረ ልጃቸው ነግራኛለች። ትኩሳቱን ዶክሲሳይክሊን አወጣላቸው። «እርስዎ አልበደሉም» የምትለዋ መድኃኒት ግን በእኔ እጅ ብቻ ነበረች፤ ሳልሰጣቸው ቀረሁ።