ያለምዘውድና ያልተሳለችው ስለት

ኅዳር አሥር ቀን ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ውርጭ ወርዶ ነበር። የታጨደው የገብስ ማሳ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ነፋሱ ከተራራው እየወረደ ነጠላችንን ከራሳችን ላይ ይነጥቀናል። እኔና ጥሩሐረግ ከያለምዘውድ ቤት በታች መንገዱ ላይ ቆመን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ እንጠብቃታለን። ትመጣለች ብለን አላመንንም ነበር። መጣች፤ ግን ብቻዋን አይደለም። አንድ ትልቅ ሙክት በግ በገመድ ትጎትታለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ጥሩሐረግ።

«ዝም ብለሽ ከኋላ ግፊልኝ» አለች ያለምዘውድ። «ከቤቱ ራቅ ስንል እነግራችኋለሁ።»

በጉ እንዴት እንደመጣ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ያለምዘውድ፣ ጥሩሐረግ፣ እማዋይሽና እኔ ሰቆጣ ዙሪያ አንድ መንደር ነው ያደግነው። አብረን ውኃ ቀዳን፣ አብረን እንጨት ለቀምን፣ በሁለት ዓመት ውስጥም ሁላችንም ተዳርን። እኔ ብቻ ሰቆጣ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ አባቴ መጥቶ ወሰደኝና ከእነሱ እኩል ሆንኩ። ዕድል የቀናት እማዋይሽ ናት። ምንዋጋው የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጸሐፊ አግብታ ከተማ ገባች። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ «ለኅዳር ሚካኤል ኑ፣ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ጾሙ ሳይገባ ሥጋ እንብላ፣ እንደ ልጅነታችን እንሳቅ» እያለች ትልክብናለች። ስምንት ዓመት ላከች፣ ስምንት ዓመት ቀረን። አንዱን ዓመት አንዳችን እንወልዳለን፣ በሌላው የአንዳችን አማት ትታመማለች። ኅዳር ደግሞ አጨዳ ነው።

ከሁላችንም ይበልጥ የምትጓጓው ያለምዘውድ ነበረች። ከተዳረች ጀምሮ ከባሏ ቤት ውጭ አንድ ሌሊት አድራ አታውቅም። የምትመኘውም ብዙ አልነበረም። «ዶሮ ሲጮህ ለመፍጨት ሳልነሳ፣ አንድ ቀን ፀሐይ እስክትወጣ ብተኛና ከእናንተ ጋር ብስቅ ይበቃኛል» ትለን ነበር።

ባሏ አቶ ካሳ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን በአጨዳ ሰሞን ሚስታቸውን ለሳቅ የሚልኩ ሰውም አልነበሩም። ስለዚህ በዚያ ዓመት ያለምዘውድ ዘዴ ፈጠረች። አቶ ካሳ በክረምቱ ጉልበታቸውን ታመው ሁለት ወር ሲያቃስቱ ከርመው፣ መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ በራሱ ጊዜ ተሽሏቸው ነበር። አንድ ቀን ከእርሻ ሲገቡ እግራቸውን እያጠበች፣

«እንደው ያኔ ሲያምዎት ጨንቆኝ ለሰቆጣው ወይራው ሚካኤል ተስዬ ነበር» አለቻቸው።

«ምን ብለሽ?»

«ካዳነልኝ ጧፍ አበራለሁ ብዬ።»

ዣንጥላ እንዳትል ዣንጥላው ከየት ይመጣል? ጧፍ ግን እማዋይሽ ቤት አይጠፋም። ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሏት ነበር። ለመላእክት አለቃ ስለት ያለባትን ሴት ቅሪ የሚል ባል የለምና። አቶ ካሳ ግን ተቀየሙ።

«ጧፍ?» አሉ እግራቸውን ከውኃው አውጥተው። «የኔ ጉልበት በአንድ ጧፍ?»

«ያኔ በእጄ ሌላ ነገር ስላልነበረ ነው።»

«ላሟ ስትታመም ለጊዮርጊስ ዣንጥላ ተስለሽ አልነበረም እንዴ?»

«እሷማ ትታለባለች» አለች ያለምዘውድ፣ ሳታስበው።

አቶ ካሳ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፉ። ዓርብ ጠዋት ከበረቱ ከሁሉ የሰባውን ሙክት አውጥተው ገመዱን በእጇ አስያዟት። «ሂጂ። ሰው ፊት አስነግረሽ ስጪ። የካሳ ጉልበት መሆኑን በስም አስጠሪ» አሏት። የኔና የጥሩሐረግ ባሎችም የፈቀዱልን ስለት ልናጅብ ነው በሚል ነበር። እንግዲህ ውሸቱ ከተሰማ ለሦስታችንም ከእንግዲህ ከተማ የሚባል ነገር የለም።

በጉ ከተማ የማየት ፍላጎት አልነበረውም። ዳገቱን ሁሉ እኛ ነን የወጣንለት። ወንዙ ጋ ሲደርስ እግሩን አጥፎ ተኛ፤ ሁለታችን ከፊት፣ አንዳችን ከኋላ ሆነን አሻገርነው።

«አቶ ካሳን ራሳቸውን ብንጎትት ይቀለን ነበር» አለች ጥሩሐረግ እያለከለከች።

ሰቆጣ የገባነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። እማዋይሽ ከበር ወጥታ እኛን ከማቀፏ በፊት የበጉን ጀርባ ዳሰሰች።

«እሰይ የኔ ገጠሬዎች! ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ በማለዳ ይታረዳል!»

ያለምዘውድ ነገሩን ስትነግራት ሳቅ ጣላት፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ታዲያ ስለቱ ውሸት ከሆነ በጉ የማን ነው? የኛ ነዋ!»

«ስለቱ ውሸት ነው፤ በጉ ግን እውነት ነው» አለች ያለምዘውድ። «ካሳ ለሚካኤል ብለው ሰጥተውታል። የዋሸሁት ለካሳ ነው፤ ለሚካኤል አልዋሽም።»

«እሁድ ሰው ፊት ቆመሽ ‹ተስዬ ነበር› ስትይስ ለማን ልትዋሺ ነው?» አለች ጥሩሐረግ።

ያለምዘውድ በጉን በጓሮ አስራ ሣር ሰጠችው። ከዚያ በኋላ በሳቅ መካከል ሁሉ ድንገት ወደ ጓሮው ታይ ነበር።

ምንዋጋው አራት ሴቶች መሰብሰባችንን ሲያይ ኮቱን አንሥቶ ጓደኛው ዘንድ ሊያድር ሄደ። ደግ ሰው ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ከቋንቋችን ከኽምጣና የለመደው «ብላ» እና «ና» የሚሉትን ብቻ ስለነበር፣ በፊቱ ስናማውም ፈገግ ይልልን ነበር።

ቅዳሜ ዶሮ ሲጮህ ያለምዘውድ ብድግ ብላ ተቀመጠች።

«ተኚ እንጂ አንቺ!» አለቻት እማዋይሽ።

«እንዴት እንደሚተኛ ጠፋኝ።»

«ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሌላውን እሱ ያውቅበታል።»

ጨፈነች። ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ገብታ ፊቷ ላይ ስታርፍ ነው የነቃችው። ልጅ የወለደች ያህል እንኳን ደስ ያለሽ አልናት።

ከተማውን እናሳያችሁ ሲባል ሱቁንም ጽሕፈት ቤቱንም ከውጭ አየን፤ ልባችን ያለው ግን ወፍጮ ቤቱ ጋ ነበር። በሞተር የሚፈጭ ወፍጮ መግባቱን ሰምተናል። በሩ ላይ ጽሑፍ ተለጥፏል።

«ምን ይላል የኛ ተማሪ?» አሉኝ።

ጽሑፉ «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» ይላል። እኔ ግን «ሴቶች ይግቡ ይላል» አልኳቸው። ገብተን ጆንያ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ብረቱ ያጓራል፣ ዱቄቱ ይወርዳል፣ እኛ እጃችንን አጣጥፈን እናያለን። የሰው እህል ሲፈጭ፣ እኛ ሳንጎነበስ፣ እስከ ቀትር ድረስ እንዲሁ አየን። ስንወጣ ቅንድባችን ነጭ ሆኖ ነበር። ባለ ወፍጮው አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ «እህላችሁ የቱ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ገና እያበቀልነው ነው» ብላ መለሰችለት ያለምዘውድ። በጉን የረሳችው ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

እሁድ የሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው በሰው ነበር። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ከመግባቱ በፊት ስለት ይነገራል። ያለምዘውድ በጉን ይዛ ወረፋ ቆመች። የሚያስነግሩት ሰው ድምፃቸው ተራራ የሚያሻግር አንድ አዛውንት ነበሩ።

«የማን ነው?»

«የባለቤቴ የካሳ።»

«ምን ሆነው ነበር?»

«ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር።»

«አሁንስ?»

«ድነዋል፣ ይመስገን።»

«ተስለሽ ነበር?»

ያለምዘውድ በጉን ወደ ፊት ሳበችው። ከኋላዋ ያሉት መግፋት ጀመሩ።

«በጉን ያመጣሁት ለሚካኤል ነው» አለች በመጨረሻ።

ከአፏ አንድም ውሸት አልወጣም። አዛውንቱ ግን ወረፋው ስለበዛባቸው ይሁን ደስ ብሏቸው፣ ቀሪውን ራሳቸው ሞሉት። «ስሙ ምእመናን! ካሳ የተባሉ ሰው ጉልበታቸው ታስሮ፣ አልጋ ላይ ወድቀው፣ ይህች ሚስታቸው እያለቀሰች ተስላ፣ ዛሬ ድነው ቆመው ይሄዳሉ! እልል በሉ!»

እልልታው ሳያባራ ከወንዶቹ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ካሳ እኔ ነኝ! ካሳ ማለት እኔ ነኝ!»

አቶ ካሳ ነበሩ። ስለታቸው ሲነገር ራሳቸው ሳይሰሙት መቅረቱ አላስችላቸው ብሎ፣ የሰኞውን አጨዳ ለወንድማቸው ትተው በሌሊት ተነሥተው መጥተዋል። መካከል ገብተው ዘለሉ። ተንበረከኩ፣ ተነሡ፣ እንደገና ተንበረከኩና ተነሡ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዲት አሮጊት ቀርበው ጉልበታቸውን ዳሰሱ። አቶ ካሳ እንባቸው እየወረደ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ሚካኤል ሆይ! ዕድሜ ከሰጠኸኝ በየዓመቱ ከዚህች ሚስቴ ጋር ደጅህን እስማለሁ!»

«በየዓመቱ አሉ?» አለችኝ ጥሩሐረግ በጆሮዬ።

«በየዓመቱ» አልኳት።

ያለምዘውድን አየኋት። እንዳልተያዘች ገብቷታል፤ የሆነው ምን እንደሆነም ገብቷታል። ፊቷ በሠርጓ ቀን ከእናቷ ቤት እያለቀሰች እንደምትወጣ ሙሽራ ፊት ሆነ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ካሳ እማዋይሽ ቤት መደቡ ላይ ተቀምጠው የጉልበታቸውን ነገር ለምንዋጋው አጫወቱት። ሕመሙ ወደ ሁለት ዓመት አድጓል። እኛ ሽንኩርት ከተፍን፣ ወጥ ሠራን፣ እጅ አስታጠብን።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሄድን። ማንም አልከለከለንም። አቶ ካሳ ከፊት ሆነው በየዳገቱ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ፤ እኛ ከኋላ እንከተላለን። ወፍጮ ቤቱን በሩቁ እያየን እናልፋለን። በሦስተኛው ዓመት ያለምዘውድ ሰለቻት። ወንዙ ዳር ዐረፍ እንዳልን፣ እኛ እየሰማን፣

«እኔ እኮ ያኔ አልተሳልኩም ነበር» አለቻቸው። «እነዚህን ልጆች ይዤ ከተማ ልሄድ ፈልጌ ነው የዋሸሁዎት።»

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አቶ ካሳ ወደ እሷ ዞር አሉ።

«ማንም አልተሳለልኝም?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይለምነው ነው ያዳነኝ?» ብድግ አሉ። «ይሄማ ከዚያ ይብሳል! ለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል? ለሰኔው ሚካኤልም መምጣት አለብን!»

ጥሩሐረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዞር አለች። ያለምዘውድ ግን ሳቀች፤ ቁጭ ብላ፣ ጎኗን ይዛ፣ እንደ ልጅነታችን ሳቀች። አቶ ካሳ በደስታ የሳቀች መስሏቸው አብረው ሳቁ።

በዓመት ሁለት ጊዜ መመላለሱ ለጉልበታቸው አልበጀውም። ስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት ላይ በድጋሚ ያነክሱ ጀመር፤ ከሚካኤል ርቄ ነው አሉ እንጂ ከመንገዱ ነው አላሉም። መሬቱን ወንድማቸው በእኩል እንዲያርሱት ሰጥተው ሚስታቸውን ይዘው ከተማ ገቡ።

አሁን ያለምዘውድ ሰቆጣ፣ ከወይራው ሚካኤል አጥር ሥር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ጠላ ትሸጣለች። አቶ ካሳ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ናቸው።