ከክረምት ቀድማ የምትደርሰው የዓኽርያ ፖም

ባለፈው ሳምንት አስመራ ውስጥ ከሥራ ወጥቼ ወደ ሰምበል የሚወስደኝን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመች ሴት በዘንቢል የያዘችው ፖም ሽታ ሰልፉን አቋርጦ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከባሕር ማዶ በካርቶን የሚመጣው፣ እያብረቀረቀ ሽታ የሌለው ትልቁ ፖም አልነበረም። ትንሽ ነው፤ ገርጣ ያለ አረንጓዴ፣ ፀሐይ ባገኘችው ጉንጩ ላይ ብቻ ቀላ ያለ፣ ልጣጩ ስስ። ሴትየዋ ዓይኔ ዘንቢሏ ላይ መቅረቱን አይታ አንዱን አነሳችና «እንኪ፣ ዛሬ ካልበላሽው ነገ ዱቄት ነው» አለችኝ። የቐንየለይ ብዬ አመስግኜ ተቀበልኳት። እኔ ግን እሷ ከመናገሯ በፊት ዓኽርያ ሰፈር፣ ያደግኩበት ግቢ ደርሻለሁ።

ግቢው ሁላችን አደይ፣ እናቴ፣ የምንላቸው የአደይ ለተብርሃን ነበር። ባላቸውን ቀብረው፣ አንድ ልጃቸውን ለሜዳ፣ ለነፃነት ትግሉ፣ ሰጥተው፣ ክፍሎቻቸውን እያከራዩ የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ካቶሊክ ሴት ነበሩ። እኛ ከወሎ የመጣን እስላሞች ስንሆን ከተከራዮቹ መካከል እንገኝ ነበር። ግቢው መካከል የቆመችውን የፖም ዛፍ የተከላት ቤቱን ያሠራው ጣሊያን ነው ይባላል። ችኩል ዛፍ ነበረች። የሌላው ሰው ፖም ገና እንደ ጠጠር ጠንካራ ሳለ፣ የእኛዋ ግንቦት እንደ ገባ ትደርስና ክረምቱ ሳይመጣ ጨርሳ ታራግፋለች። ፍሬዋ አንድ ላይ ይበስላል፣ አንድ ላይ ይወድቃል፤ በሳምንቱ መጀመሪያ ጥርስ የሚያጠርስ ጎምዛዛ የነበረው በሳምንቱ መካከል ማር ይሆናል፣ እሑድ ግን አፍ ውስጥ እንደ በሶ ይበተናል። እኛ ልጆች ጥሬውን በጨውና በሚጥሚጣ ስንበላ፣ የበሰለውን ስንወራወርበት፣ የተረፈው መሬት ላይ እየበሰበሰ የዓኽርያን ዝንብ ሁሉ ይጋብዝ ነበር።

እናቴ ዘይነባ ከዛፏ ሥር ሻሂ ትሸጥ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንጀራችን ይኸው ነው። በየጋራዡና በየብረት ቤቱ የሚሠሩት ሰዎች እጃቸው እንደ ጠቆረ ይመጡና አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ የሚመጡት ለሻሂው ያህል ለጥላውም ነበር።

ነፃነት በገባ በዓመቱ ግድም የአደይ ለተብርሃን ልጅ ጎይትኦም ከሜዳ ተመለሰ። ግቢው እልል አለ፤ እናቴ እንዲያውም ድምፅዋ እስኪዘጋ እልል አለች። ጎይትኦም ሰናይት የምትባል አብራው የታገለች እጮኛ ነበረችው፣ ሠርጉም ከክረምቱ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ታዲያ ሙሽሮቹ የት ይግቡ? በዚያን ጊዜ ሁሉም ከየበረሃውና ከየስደቱ እየተመለሰ ስለነበር አስመራ ውስጥ ባዶ ክፍል ማግኘት ከባድ ነበር። አንድ ጠዋት አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ከእናቴ ምድጃ ፊት ቆሙ።

«ዘይነባ ጓለይ፣ ልጄ፣ ክፍሉን የምሠራው እዚህ ነው፣ ዛፏን ቆርጬ። ለልጄ ሌላ ቦታ የለኝም። ደግሞ ምን ትጠቅመናለች? ፍሬዋን ዝንብ ነው የሚበላው።»

ቤት ከገባን በኋላ እናቴ አስቀመጠችኝና «ጥላው ከሄደ ሻሂውም ሄደ ማለት ነው፤ አጎትሽ ደሴ ኑ ካለን ቆይቷል» አለችኝ። ደሴን አይቻት አላውቅም። ጓደኞቼ ዓኽርያ ናቸው፣ የአባቴ መቃብር አስመራ ነው፣ ምላሴ ገሚሱ ትግርኛ ሆኗል። ያን ቀን ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ።

በማግሥቱ እናቴ አደይ ለተብርሃን ደጃፍ ሄደች። «አደይ፣ የዘንድሮው ፍሬ እስኪወርድ ብቻ ይታገሡኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ጨካኝ አልነበሩምና «እወ፣ እስከ ግንቦቱ የነፃነት በዓል ይቆይ፤ ከዚያ ወዲያ ግን መጥረቢያ ነው» አሉ። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ እናቴ ያሰበችው ማርማላታ ሠርታ ለበዓሉ በመሸጥ ለደሴ መንገድ የሚሆነንን ማግኘት ብቻ ነበር።

ማርማላታ ግን ሠርታ አታውቅም። የመጀመሪያውን ድስት የሞላችው እጅግ በበሰለው ፖም ነበር፤ ስኳሩም ገባ፣ ከሰሉም አለቀ፣ የወጣው ግን የሚፈስ ነገር ሆነ። ከደንበኞቿ አንዱ፣ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ፣ በማንኪያ ቀመሰና የምሩን መስሎ «ጥሩ አጥሚት ነው፤ ማን ወለደ?» አላት። አግዳሚው ሙሉ ሳቀ፣ እናቴም እየተናደደች ሳቀች። ሁለተኛውን ቀን እኔ ዛፍ ላይ ወጥቼ ቅርንጫፉን ስነቀንቀው ጥሬውም ከበሳሉ ጋር ረገፈ። እናቴ መጣሉ አሳዝኗት ጥሬውን ከነልጣጩ ከትፋ ጨመረችው። ጠዋት ድስቱን ስንከፍት የወይን ጠጅ ቀለም ይዞ፣ ረግቶ፣ በማንኪያ ሲነኩት ይንቀጠቀጥ ነበር። ያቺ ሁሉ የናቃት ጎምዛዛ ፍሬ ማርማላታውን የምታረጋው እሷ ኖራለች።

ቀጥሎ የመጣው ቦምቦሊኖው ነው። እናቴ በበዓሉ ዋዜማ ማርማላታውን የምትሞላበትን ሊጥ ማሸት ስትጀምር፣ አደይ ለተብርሃን ከደጃፋቸው ሆነው ጥቂት አዩ፣ ዞሩ፣ ተመልሰው አዩ፣ በመጨረሻ አላስችል አላቸው።

«ኣይፋል! ኣይፋል! ድፎ ዳቦ አደረግሽው እኮ!»

በልጅነታቸው ጣሊያን ዳቦ ቤት ሠርተዋል ለካ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ፣ ሊጡን ነጠቁ፣ ጠረጴዛው ላይ እያነሱ አፈረጡት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች እስከ ክርናቸው ዱቄት ሆነው፣ አንዷ በአማርኛ ሌላዋ በትግርኛ እየተቆጡና እየተሳሳቁ ዋሉ፤ ስለ መጥረቢያ ያነሳ አልነበረም።

የበዓሉ ዕለት ሕዝቡ ከዓኽርያ ወደ መሀል ከተማ በከበሮና በእልልታ ሲወርድ እኛ በራችን ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን ነበር። የሚንጨረጨረው ዘይትና የትኩስ ፖም ሽታ ሰውን ከጭፈራው መካከል እያወጣ ያመጣው ጀመር። ሰልፉ የአጥሩን ጥግ ዞረ። አንድ ጎረምሳ ቀድሞ ሊገባ ሲል አደይ ለተብርሃን በዚያ ድምፃቸው «ሓወይ፣ ተሰለፍ! ነፃነት መጣ ማለት ሰልፍ ቀረ ማለት አይደለም!» ብለው ሲያንባርቁ፣ ጎዳናው ሁሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ትሪ ይዤ በጠረጴዛውና በምድጃው መካከል እሮጣለሁ፤ እናቴ ትጠብሳለች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ፊቷ በእሳቱ ቀልቷል፣ እንደዚያ ቀን አምራ አይቻት አላውቅም።

ሊያልቅ ሲል ጎይትኦምና ሰናይት ከጓዶቻቸው ጋር መጡ። ሰናይት አንዱን ገመጠች፤ ማርማላታው በአገጯ ወረደ፤ ሳትጠርገው «ይህ ፍሬ ከየት ነው?» አለች። ዛፏን አሳየኋት። ሄዳ ሥሯ ተቀመጠችና የፕላስቲክ ጫማዋን አወለቀች፤ ግንዱን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አማቷን ጠየቀች።

«አደይ፣ የእኛ ክፍል የሚሠራው የት ነው?»

አደይ ለተብርሃን ዱቄት የለበሱ እጆቻቸውን አዩ፣ ዛፏን አዩ፣ እናቴን አዩ።

«ልብስ ማጠቢያው ጋ ነዋ» አሉ፤ «ሌላ ቦታ ብዬ አውቃለሁ?»

ዛፏን እቆርጣለሁ ማለታቸውን ግቢው በሙሉ ሰምቶ ነበር። ግቢው በሙሉ ግን አፉን በቦምቦሊኖ ሞልቶ ዝም አለ። እናቴ ብቻ ማንኪያዋን ጥላ እልል አለች፤ እልልታዋ መንገድ ላይ ካለው የበዓል እልልታ ጋር ተቀላቅሎ ሄደ፣ አላፊ አግዳሚውም ለበዓሉ መስሎት አብሯት እልል አለ። ደሴ መሄዳችን በዚያው ቀረ።

ማጠቢያ ገንዳውን የብረት ቤት ሠራተኞቹ ተሸክመው አዛወሩት፣ ክፍሉ ተሠራ፣ ሠርጉም ተበላ። እናቴ «ዘይነባ ማርማላታ» የሚል ስም ወጣላት፤ ስትሰማው የተቆጣች ትመስላለች እንጂ ትወደው ነበር። ከዚያ ወዲያ ከዛፏ የሚጣል ነገር ጠፋ። ልጣጩ እንስራ ውስጥ ተዘፍዝፎ አቼቶ ይሆናል፤ ተቆራርጦ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የደረቀው ለረመዳን ይዘፈዘፍልናል፤ ማርማላታው አደይ ለተብርሃን ሲጾሙ ዳቦአቸው ላይ ይቀባል። የግንቦት ልጆች ሆንን፤ ዓመቱ የሚጀምረው ዛፏ ስትደርስ ይመስለን ነበር።

አሁን ግቢው በግንብ ተከፍሏል፣ ዛፏም ማንም መጥረቢያ ሳያነሳባት በእርጅና ደርቃለች። እኔ የምኖርበት ፎቅ ላይ ጎረቤቴን የማውቃት በበሯ ድምፅ ነው፤ ሊጤ ቢበላሽ ሮጦ የሚነጥቀኝ ሰው የለም። አደይ ለተብርሃን ቀድመው አረፉ፣ እናቴ ጥቂት ቆይታ ተከተለቻቸው። ያኔ የሁለቱ አገሮች ድንበር ተዘግቶ ስለነበር ከወሎ አንድም ዘመድ ለቀብሯ ሊደርስ አልቻለም። ወንድም የለኝም፤ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ለቅሶ የሚቀበልልኝ ማን እንደሆነ ሳስብ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ጎይትኦም፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ከፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ከወዲያኛው ሰፈር የመጡ ሽማግሌ አጠገቡ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ አንተ ለሟቿ ምኗ ነህ?» ሲሉት ሰማሁ።

«ልጇ ነኝ» አላቸው።