ፀሐይን መዝግባ የተመለሰች ወፍ

ከቤት የወጣሁት እምቢ ለማለት ነበር። ልጄ ሐያት ስደተኛ ወፎችን ከሚከታተሉ ሰዎች ጋር መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። አሁን ደግሞ ለሦስት ወር ወደ ዋው ልሂድ አለችኝ። ዋው ከምንኖርበት ከጁባ ሩቅ ያለ ከተማ ነው፤ በአውሮፕላን ነው የሚኬደው። "መጀመሪያ ሥራችንን እዪ፣ ከዚያ እምቢ በዪ" አለችኝ። እምቢታዬን በልቤ ይዤ ተነሣሁ።

ሱብሒ ሰግደን ከሰፈራችን ከሙኑኪ ስንወጣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ ያለ ነበር። በፌስታሌ ውሃ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ የቁስል ፋሻ፣ ትርፍ ጫማና አንድ ኪሎ ማሽላ ይዣለሁ። ስለ ማሽላው ለሐያት አልነገርኳትም። ባለ ቦዳቦዳው፣ ባለ ሞተር ብስክሌቱ፣ ለሁለታችን አሥራ ሁለት ሺህ ፓውንድ ሲጠይቅ በጁባ ዓረብኛ ተከራክራ ወደ ስምንት ሺህ አወረደችው። እኔ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ሁለት ሺህ መለስኩለት። እስከ ከተማው ዳርቻ፣ እስከ ጉዴሌ ድረስ አኩርፋኝ ሄደች።

ከጉዴሌ ወዲያ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ሲሆን ወንዝ ዳር ካለ የማንጎ እርሻ ደረስን። አለቃቸው ላዶ የሚባል ሽበታም የአገሩ ሰው ነው፤ ሙዲር ይሉታል። በዛፎቹ መሃል በዘንጎች የተወጠረውን መረብ አሳየኝ። ክሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ እጄ እስኪነካው አላየሁትም።

ከኪሱ አተር የምታክል ዕቃ አወጣ። ወፏ ጀርባ ላይ ትታሰርና ፀሐይ የወጣችበትንና የጠለቀችበትን ሰዓት ትመዘግባለች፤ በዚያ ወፏ የት የት እንደነበረች ይታወቃል አለኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ይህ ግን ወዲያው ገባኝ። በረመዳን ደሴ ያለችው እህቴ አፍጥራ፣ አፏ ሞልቶ ትደውልልኛለች፤ እኔ ጁባ ላይ ገና ሰማይ ሰማዩን አያለሁ። ይህንን ስነግረው ላዶ ሳቀ። "ማማ፣ ከእኛ በፊት ጀምረሽዋል ማለት ነው" አለኝ።

ችግሩ፣ የተመዘገበው ሁሉ እዚያችው ዕቃ ውስጥ ስለሚቀር ወፏ ተመልሳ ካልተያዘች ምንም አይገኝም። አምና ሐያት በገዛ እጇ ሰባት ወፎች ላይ አስራለች። ዘንድሮ አንዷም አልታየችም፤ መረቡም የሚነሣው በዚሁ ቀን ነበር። ይኸው፣ የሄዱት አልተመለሱም አልኩ በልቤ። እምቢታዬ ጠነከረ።

ያም ሆኖ የልጄን ፊት ሳይ አላስቻለኝም። ማንም ሳያየኝ ማሽላዬን መረቡ ሥር በተንኩት። ብዙም ሳይቆይ አራት ዋኖሶች መጥተው መረቡ ውስጥ ተንደፋደፉ። ላዶ እየፈታ እህሉን ማን እንደበተነ ጠየቀ። ሐያት ማንንም ሳትጠይቅ ዞራ እኔን አየችኝ።

"ማማ፣ የእኛዎቹ የሚበሉት ነፍሳት ነው" አለ ላዶ።

አፍሬ ማሽላውን ልለቅም ተንበረከክሁ። ያኔ ነው ያየኋት፤ በመረቡ በታችኛው እጥፋት ውስጥ አንዲት ቡናማ ወፍ ተንጠልጥላለች፣ ጀርባዋ ላይ አተሯ አለች። ጠራኋቸው። ክሩ እግሯ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሞ ከዕቃው ማሰሪያ ጋር ተቆላልፏል። ሐያት ልትፈታው ሞክራ ተወችው። ላዶ መቀስ አወጣ፤ ግን በክሩና በእግሯ መሃል የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ሃያ ዓመት ሙኑኪ ላይ ሹሩባ ስሠራ ኖሬአለሁ። ጸጉር ሲቋጠር አይጎተትም፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። "አንተ ያዛት፣ እኔ ልሞክር" አልኩት። ልቧ ጣቴ ሥር እንደ ስልክ ይነዝራል። ትንፋሼን ይዤ አንዱን ዙር፣ ከዚያ ሌላውን አወጣሁ።

ላዶ እግሯ ላይ ካለው የመለያ ቀለበት ቁጥሩን አነበበ። ሐያት አፏን በእጇ ያዘች።

"እማ፣ የእኔ ናት። እዚችው ዛፍ ሥር ነው ያሰርኩላት።"

በረሃውን አቋርጣ፣ ባሕሩን ተሻግራ፣ አውሮፓ ከርማ ነው የመጣችው። ዕቃዋን አውልቀው ለቀቋት፤ ሩቅ እንኳ ሳትሄድ ማንጎው ላይ ዐረፈች።

ስንመለስ ጉዴሌ ላይ ሻይ ጠጣን። ስለ ዋው ያነሣችው ሐያት አይደለችም። እኔ ነኝ የጠየቅኋት።

"ዋው ፀሐይ መቼ ነው የምትጠልቀው?"

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ከእኛ ትንሽ ዘግይታ። ወደ ምዕራብ ነው።"

"እንግዲያው በየቀኑ ስትጠልቅ ጻፊልኝ።"

"የት እንዳለሁ በካርታ መላክ እችላለሁ እኮ።"

"ካርታ አላውቅበትም። ፀሐይዋን አውቃለሁ።"

ቤት የገባሁት በአቧራ ተሸፍኜ፣ እንቁላሉን ሳልነካው ነበር። ከዚያ ጉዞ በኋላ ጭንቀቴ ጠፋ አልልም፤ ሰዓት ግን ተበጀለት።

ይህን ስጽፍ ሐያት ዋው ናት። ዛሬ ሐሙስ ስለሆነ ጾሜ ነበር የዋልኩት። መግሪብ ሲሆን በቴምር አፍጥሬ ስልኬን ይዤ ደጅ ቆምኩ። ሙኑኪ እየጨለመ ነው፤ ከእሷ ግን ምንም የለም። አልደነገጥኩም፣ እዚያ ገና ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስልኬ ነዘረ።

"እማ፣ አሁን ጠለቀች።"