ኩራ ደረጃ ብቻ ይናገር ነበር

የተጠየቀውን በትክክል የመለሰ ሰው ከዚያ በላይ አይጠየቅም። ኩራ ጉዮ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በዚህ ፍርድ ነው፤ በነገሌ ቦረና ታማኝነቱን የሚመሰክሩለት ሰዎችም ይህንኑ ይጠቅሳሉ። ይሁን እንጂ አንድ ፍርድ የሚለካው ምንም በማይጠፋበት ቀን አይደለም።

ኩራ በ1985 ዓ.ም. በከተማው ዳር በነበረ የቆዳ መጋዘን ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ጨው ነስናሽ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ደረጃ መዳቢ ሆነ። ከዙሪያው ቆላ የሚመጣው የበግና የፍየል ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋለታል፤ እሱም አንገቱን፣ ጎኑንና ብብቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ ቁጥር ይጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ውዳቂ። ከዚህ በቀር ቃል መተንፈስ በመጋዘኑ ክልክል ነበር። ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። ከእሱ በፊት የነበረው መዳቢ ቆዳ አምጪዎችን መምከር ጀምሮ ነበር፤ ምክሩ ወዳጅነትን፣ ወዳጅነቱ ጉቦን አስከትሎ በመጨረሻ ተባረረ። ኩራ ከዚያ ሰው ውድቀት የተማረው አፍን መዝጋት ነው። ሁለት ቀን በእግሩ የተጓዘ ሽማግሌ፣ ቢላዋ የሸነተረውን ቆዳ ይዞ፣ “ልጄ፣ ጥፋቴ ምን እንደሆነ ብትነግረኝ ሌላ ጊዜ አልደግመውም” ሲለው እንኳ የሚቀጥለውን ቆዳ ይዘረጋ ነበር። ጨካኝ ያሉት አሉ። ጉቦ በላ ያለው ግን አንድም ሰው የለም።

መጋዘኑ በ2006 ተዘጋ። ኩራ ወስፌውንና ሰም የተቀባ ክሩን ይዞ ገበያ ወጣ፤ ሰልባጅ ተራ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማና ቀበቶ መስፋት ጀመረ። ከአጠገቡ የምትሸጠው መሱዳ ነበረች፤ ልብሱ በቦንዳ ታስሮ ከሞያሌ ይመጣላታል። ቀልደኛ ናት፤ በኦሮምኛ የጀመረችውን በአማርኛ ትጨርሳለች። የቆዳ ልብስ ዐይቶ የሚጠራጠር ደንበኛ ሲገጥማት ወደ ኩራ ትልከዋለች። ብዙ ጊዜ ሸቀጧን ውዳቂ ብሎባታል። እሷ ግን አልተቀየመችውም፤ አንዱን ውዳቂ ማለቱ ሌላውን እንደሚያስከብርላት ታውቃለች።

በ2011 መስከረም ማብቂያ ላይ ዱረቲ የምትባል የክሊኒክ ነርስ ወደዚህ ተራ መጣች። ብቻዋን ያሳደገቻት ልጇ ሄራን ዩኒቨርሲቲ ደብረ ብርሃን ደርሷታል። ሄራን አስም አለባት፤ በቆላው ሙቀት ረገብ ይልላታል፣ ብርድ ሲነካት ግን ደረቷ ይዘጋል። እናቲቱን ያስጨነቃት የከተማው ርቀት ሳይሆን ብርዱ ነበር። በዚያ ሳምንት ከመሱዳ ቦንዳ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ውስጡ ጸጉራም የሆነ የበግ ቆዳ ካፖርት ወጣ። እንዲህ ያለ ልብስ ቆላ ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ ቢታይ ነው። ሁለተኛ ለመግዛት ዱረቲ አቅም አልነበራትም።

“አካም ኦቦ ኩራ፣ ናጋ?” አለችው። “ለልጄ ነው። እውነተኛ በግ ነው ወይስ ማስመሰያ?”

“እኔ ብነግራት አታምንም” አለች መሱዳ። “ኦቦ ኩራ፣ እባክዎን ለዛሬ እንኳ ይዋሹልኝ።”

ኩራ አልሳቀም። ካፖርቱን ገልብጦ ጸጉሩ ላይ እፍ አለበት፤ ጸጉሩ ተከፍሎ ሥሩ ታየ። ከሥሩ ያለው ሽምን ጨርቅ ሳይሆን ቆዳ ነበር። ከጠርዙ አንድ ዘለላ መዞ በክብሪት ለኮሰ፤ እንደ ቀንድ ሸተተ እንጂ እንደ ላስቲክ አልቀለጠም። የውጭውን ፊት ቆንጥጦ ለቀቀው፤ የተጨማደደው ወዲያው ተዘረጋ። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ በርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያረጁትን ብብቱንና የአንገት እጥፋቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ እነሱም ደኅና ነበሩ። ምርመራው እንከን አልነበረበትም። በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ጠበቁት፤ እሱም መጠበቃቸው ደስ ያሰኘው ይመስል ጊዜ ወሰደ።

“አንድ” አለ።

ዱረቲ ካፖርቱን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወደ መሱዳ ዞረች። “እናቴ ቅቤ ቀብታ አዲስ ታደርገዋለች” አለቻት። መሱዳም፣ እንዲያ ከሆነ የደብረ ብርሃን ውሻ ሁሉ ሄራንን እየተከተለ ይማራል ብላ አሳቀቻት።

ኩራ ይህን ሰማ። በእጅ ለፍቶ የለሰለሰ የአገር ቆዳ በቅቤ ዕድሜ እንደሚያገኝ፣ በፋብሪካ ከነጸጉሩ የተሠራ ስስ ቆዳ ግን በቅቤ እንደሚበላሽ በዚያ ገበያ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ደረጃው ነው፤ ደረጃውንም ተናግሯል። ጎንበስ ብሎ የጀመረውን ጫማ ቀጠለ።

የዱረቲ እናት አኮ ሎኮ የሠሩት ሥራ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። የሙሽርነታቸውን የቆዳ ልብስ በቅቤ እያሹ አርባ ዓመት ጠብቀዋል፤ ለልጅ ልጃቸውም የሚያውቁትን ምርጥ እንክብካቤ ሰጡ። ካፖርቱን ውስጡንና ውጭውን ለጋ ቅቤ ቀቡት፣ በጭስ አጠኑት፣ አቧራ እንዳይገባበት በላስቲክ ጠቅልለው ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ባለው የብረት ሣጥን ቆለፉበት። በጥቅምት አጋማሽ ሣጥኑ ሲከፈት ቅቤው ተበላሽቶ ይከረፋል፤ ጸጉሩ ተጣብቆ ጓል ሆኗል፤ በስፌቱ ውስጥ ትል ይርመሰመሳል። ዱረቲ ንጽሕናን የተማረችው በክሊኒክ ነው፤ ውሃ አፍልታ፣ ኦሞ በጥብጣ አጠበችው፣ በቀትር ፀሐይም ሽቦ ላይ ሰቀለችው። ሲደርቅ ሣንቃ ሆነ። እጅጌው አንድ ስንዝር አጠረ። ሄራን ክንዷን ስታስገባ ብብቱ ተተረተረ።

ዱረቲ ካፖርቱን በማዳበሪያ ከረጢት ለኩራ አመጣችለት። ሳይፈታው ሽታው ነገረው።

አራት ቀን ሌላ ሥራ አልያዘም። ስቡን እንዲመጥለት ፉርሽካ እያሸ አራገፈ፤ በርጥብ ጨርቅ አለዘበው፤ በጉልበቱ ይዞ ቀስ እያለ ወጠረው። የፈላ ውሃ የነካው ቆዳ ግን ሥጋው በስሏል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። በወጠረው ቁጥር እንደ ራሰ ካርቶን ተቀደደ። በአምስተኛው ቀን ዱረቲ መጥታ ከፊቱ ቆመች።

“ይድናል?”

“ውዳቂ” አለ ኩራ፤ ከልማድ የመጣ ቃል ነበር።

ዱረቲ የተቀደደውን እጅጌ አነሣች። “ያን ዕለት ቅቤ እንቀባዋለን ስል ሰምተው ነበር?”

“ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ?”

“አልጠየቅሽኝም፣ ልጄ።”

ድምፅዋን አላነሣችም። “እኔ መድኃኒት ስሰጥ አወሳሰዱን የሚጠይቀኝ ከአሥር አንድ ነው፣ ኦቦ ኩራ። ዘጠኙን ዝም ብዬ ልስደዳቸው?”

ቀልድ የማታጣው መሱዳ ያን ጊዜ ልብስ ማጠፍ ያዘች።

ኩራ ከዚያ በኋላ ተናገረ፤ በዚያ ተራ ከተቀመጠ ጀምሮ እንደዚያ አርዝሞ ሲናገር የሰማው የለም። እንዲህ ያለ ካፖርት ውሃም ቅባትም እንደማይወድ፣ ቢረጥብ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ በጥላ እንደሚደርቅ፣ ትከሻው ቅርጹን እንዳያጣ በሰፊ መስቀያ እንደሚሰቀል፣ እንዲተነፍስ በላስቲክ ሳይሆን በአቡጀዲ እንደሚሸፈን፣ በየሁለት ሳምንቱ ነፋስ እንደሚያገኝና ጸጉሩ በደረቅ ብሩሽ እንደሚበጠር አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሁሉም እውነት ነበር። ዱረቲ ጨዋ ናትና እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ ሄደች። ካፖርቱን አልወሰደችም።

ከካፖርቱ የተረፈው ውሃው በደንብ ያልደረሰበት ኮሌታው ብቻ ነበር፤ ከጋት ብዙም አይሰፋም። ኩራ በጨርቅ ለብጦ የአንገት ልብስ አደረገው፤ በኅዳር ሄራን በምትሄድበት ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ወስዶ ሰጣት። ልጅቱ ሁለት ሹራብ ደራርባ ነበር፤ ነገሌ ላይ ያላቧታል፣ ደብረ ብርሃን ላይ አይበቋትም። አመሰገነችው፤ አንገቷ ላይ ግን አላደረገችውም። አኮ ሎኮ ከመጡበት ባጃጅ ሳይወርዱ፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው፣ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ቆዩ። ጥፋቱን የራሳቸው አድርገውታል፤ የእሳቸው እንዳልሆነ ሊነግራቸው የሚችለው ሰው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። አልነገራቸውም።

በታኅሣሥ ዱረቲ፣ ልጇ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ኦክስጅን እንደተሰጣት ለመሱዳ ስትነግራት ኩራ ሰማ። ወስፌው እጁ ላይ ነበር። የሚሰፋው ነገር አልነበረም።

ኩራ ስለ ደረጃው አልዋሸም፤ ይህ ይመሰከርለታል። ለዱረቲ የሚገባት ግን “አንድ” ካለ በኋላ፣ ሳትጠይቀው፣ “ቅቤ አታስነኩት” የሚል ቃል ነበር። አልሰጣትም።