ድመቷ ሚዛን ላይ የወጣች ዕለት

ሚዛን ጠጋኝ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሚዛን፣ የግድግዳ ሰዓትና ራዲዮ ስጠግን ኖሬአለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከአራተኛ ክፍልም አላለፍኩም። የመጀመሪያውን ሚዛን የፈታሁት በቢላዋ ጫፍ ነው። መልሼ ስገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈችኝ፤ ያለ እሷም ከበፊቱ የተሻለ ሠራ። ዛሬ ከደምበጫ እስከ ይጁቤ ሚዛን ሲበላሽ "ወደ አያ ጥሩነህ ውሰዱት" ይባላል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆንም እውነት ነው።

ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ስለ አንዲት በሽተኛ ድመት ነው። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ድመቷ ስላሳዘነችኝ ብቻ አይደለም፤ ያን ዕለት ከእሷ ጋር ሚዛን ላይ የወጣ ሌላ ነገር ስለነበረ ነው።

ሱቄ በአንድ ረድፍ ካሉት አምስት ሱቆች የመጨረሻው ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቦይ ነው። ድመቷን መጀመሪያ ያየኋት ሰኞ ጠዋት፣ ከወዲያኛው ጫፍ ሱቅ ደጅ ተኝታ ነው። ጆሮዋንና ፊቷን እከክ ወርሶታል፤ አንድ ዓይኗ ተጣብቋል፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ማክሰኞ ሁለተኛው ሱቅ ደጅ አየኋት። ረቡዕ ፀጉር አስተካካዩ ደጅ፣ ሐሙስ የቅርብ ጎረቤቴ አስማረ ደጅ። "ታማም ትራመዳለች፤ ብርቱ ናት" ብዬ አደነቅኋት።

ዓርብ ማልጄ ስመጣ አስማረ በመጥረጊያ ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ደጅ ሲገፋት ደረስኩ። ለካ ድመቷ አልተራመደችም። ጎረቤት ለጎረቤት ሲቀባበላት ነው የሰነበተው።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

"ፀሐይ እንዲያገኛት ብዬ ነው ጋሼ። እርስዎ ደጅ ፀሐይ ቶሎ ይደርሳል።"

አስማረ ምስር፣ ስኳር፣ ሽሮና በርበሬ በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከአፉ ክፉ ቃል አይወጣም።

እውነቱን ልናገርና እኔም ወደ ቦዩ አየት አድርጌ ነበር። ድመቷን መጀመሪያ ያተረፋት ደግነቴ ሳይሆን ከእኔ ቀጥሎ ሱቅ አለመኖሩ ነው።

ረፋዱ ላይ ባለ ሱቆቹ ደጄ ተሰበሰቡ። እንዴት ብንረዳት ይሻላል የሚል ምክክር ተጀመረ። ሁሉም በጣም አዘነላት። አንዱ ጠበል ወስደን እንርጫት አለ፤ ማን ይውሰዳት ሲባል ግን እሱን ጨምሮ ሁሉም ጉዳይ ነበረው። ፀጉር አስተካካዩ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥተን እንቀባት አለ።

"ድመት ገላዋን የምታጥበው በምላሷ ነው። የቀባሃትን ሁሉ ትጠጣዋለች" አልኩት።

"ይህን ደግሞ የት ተማሩት?"

"ድመት አይቼ።"

አስማረ የሁሉንም ሐሳብ ካዳመጠ በኋላ የራሱን አቀረበ። "በኬሻ አድርገን ለአንድ የጭነት ሾፌር እንስጣት። ደጀን ላይ ያወርድልናል። እዚያ መኪና የሚቆምበት ሁሉ ሥጋ ቤት ነው፤ ጠግባ ትኖራለች።"

"ደጀን ሳትደርስ ብትሞትስ?"

"ያው የፈጣሪ ፈቃድ ነው።"

አንዱም ምክር ድመቷ እንድትድን የሚል አልነበረም። ሁሉም በሌላ ሰው ደጅ እንድትሞት የሚል ነበር። ይህን ፊት ለፊት ነገርኳቸው። "እንግዲያው እርስዎ ያውቃሉ" ብለው ተበተኑ። እነዚህ ሰዎች አዋቂነቴን የሚቀበሉት ሸክም ያለበት ሥራ ሲመጣ ነው።

ድመቷን በካርቶን ይዤ ወደ ከብት ሐኪም ሄድኩ። ግቢው በበሬና በበግ ተሞልቷል። ካርቶኑን ሳስቀምጥ አንድ ገበሬ አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ።

"አያ፣ ይህች ስንት ጥማድ ታርሳለች?"

"በሬህ አይጥ የሚይዝ ከሆነ አምጣውና እንለዋወጥ" አልኩት። ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀና ወረፋውን ለቀቀልኝ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ድመቷን አገላብጣ አየቻት።

"እከክ ነው አባባ፤ ይድናል። ያለን መድኃኒት የከብትና የበግ ነው፤ ለእሷም ይሠራል። ግን በኪሎ ነው የሚለካው። ለእሷ ጠብታ ነች የምትበቃት። በዚህ አቅሟ ከበዛባት ልትሞት ትችላለች፤ ካነሰባት ደግሞ አይሠራም። ስንት ኪሎ ናት?"

"እዚህ ሚዛን የላችሁም?"

"ያለን የበግ ነው። እሷን ብናወጣበት አይነቃነቅም።"

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። "ልጄ፣ ሚዛኑን ለእኔ ተይው" አልኳት። በዐሥራ አንድ ሰዓት ወደ ቤቷ ስትሄድ በእኛ በኩል እንደምታልፍና መድኃኒቱን ይዛ እንደምትመጣ ተስማማን።

እንደ ቃሏ መጣች። ነጭ ጋዋኗ ሲታይ የረድፉ ሰው ሁሉ ወጣ። ገበያተኛውም ቆመ። እኔ ሚዛኔን ከውስጥ ላወጣ ስገባ አስማረ ቀደመኝ። የተማረች ሰው ፊት ደግ ሆኖ መታየት ይወዳል።

"ዶክተር፣ ሚዛን እዚሁ አለ! ለነፍስ ከሆነ ምን ችግር አለው?" ብሎ የሱቁን ባለ ሰሃን ሚዛን ደጅ አወጣ። ጋዜጣ አነጠፈበት። ጠዋት በመጥረጊያ የገፋትን ድመት አሁን በሁለት እጁ አቅፎ አስቀመጣት።

"ሦስት ኪሎ!" ብሎ ጮኸ። ራሱ ያሳደጋት ይመስል ነበር።

ሐኪሟ መርፌዋን አወጣች።

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ያ ሚዛን ውሸታም መሆኑን አውቅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጠግኜ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ልክ ነበር። ከሳምንት በኋላ በሱቁ ሳልፍ ሞላው ላይ የሰው እጅ እንደገባ በዓይኔ ብቻ ለየሁ። ሌላ ሰው ቢያይ ምንም አይታየውም፤ ለእኔ ግን ይጮሃል። አውቄ ዝም አልኩ። በአንድ እድር ነን። ሚስቴ ያረፈች ጊዜ በዚያ ዝናብ ድንኳን የተከለልኝ፣ ሦስት ቀን ከአጠገቤ ያልተለየኝ አስማረ ነው።

መርፌው ተሞላ። ድመቷ ሰሃኑ ላይ ተኝታ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች።

"ዶክተር፣ ቆይ" አልኩ። "በእኔም ሚዛን ትታይ።"

ሚዛኔን አውጥቼ አስቀመጥኳት፤ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ሆነች።

"ያው ሚዛንና ሚዛን ይለያያል" አለ አስማረ እየሳቀ።

ድመቷን ወደ ካርቶኗ መለስኳትና ልኩ የተረጋገጠውን የአንድ ኪሎ ብረቴን አምጥቼ የእሱ ሰሃን ላይ አስቀመጥኩ። ጠቋሚው አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ የጠገኑት?"

"እኔ የጠገንኩት አንድ ኪሎውን አንድ ኪሎ ይል ነበር።"

እትዬ ውዴ ከሰው መሃል ወጣች። አምስት ልጅ የምታሳድግ፣ ከአስማረ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ምስር የምትገዛ ሴት ናት። ያን ሰዓትም የገዛችውን በፌስታል ይዛ ነበር። ፌስታሉን የእኔ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ሰባት መቶ ሰባ ግራም።

"አስማረ፣ የቀረውን ማን በላው?" አለች። "ድመት ምስር መብላት ጀመረች እንዴ?"

ማንም አልሳቀም። አስማረ ብረቱን ከሰሃኑ ላይ አነሳ።

"እናንተ በኋላ ትነጋገራላችሁ" አለች ሐኪሟ ወደ አስማረ ዞራ። "እኔ በየትኛው ልውጋት? ሦስት ኪሎ ካልሆነች ይህ ይበዛባታል። ባለ ሚዛኑ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

አስማረ ሰውን አየ፤ ድመቷን አየ፤ እኔን ግን አላየም።

"በጋሼ ይሁን" አለ።

ሐኪሟ ከመርፌው ቀንሳ ወጋቻት።

ድመቷ ሱቄ ውስጥ በካርቶን ሰነበተች። ዓይኗን በሞቀ ውኃ አጠብኩላት። በአራተኛው ቀን ከምሳዬ ቀማችኝ። ሐኪሟ እየመጣች መርፌውን ደገመችላት፤ ከዚያ በኋላ ፀጉሯ በቀለ። አሁን በራሷ እግር ሄዳ የምትኖረው አስማረ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ምስሩ ኬሻ ላይ ትተኛለች። ገበያተኛው "ሦስት ኪሎ" ብሎ ይጠራታል። አስማረ ሊያባርራት አልደፈረም፤ ካባረራት ለምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

በደጁ ሳልፍ ሳያት ደረቴ ይነፋል። ወዲያው ደግሞ ትንሽ ይተነፍሳል። ለምን እንደሆነ አንባቢ ቆይቶ ይረዳኛል። በእሷ ሰበብ ያከናወንኩትን ልቁጠር።

አንድ፣ አምስት ሱቅ ሙሉ ሰው ሊጥላት የመከረባትን ድመት አድኛለሁ።

ሁለት፣ በሳምንቱ የረድፉንና የገበያውን ነጋዴዎች አራት ሚዛን አስተካክያለሁ። አጭበረበርኩ ያለኝ የለም። ሁሉም "አቧራ ገብቶበት ነው" እያሉ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። የደብረ ማርቆስ አቧራ ምንጊዜም ለነጋዴው እንደሚያደላ ማንም ሳያስተምረኝ ደርሼበታለሁ። አስማረ የእሱን በሰው ልኮት ነበር፤ አስተካክዬ በሰው ላክሁለት።

ሦስት፣ ያን የሐዘን ድንኳን የተከለልኝን ሰው ሰላምታ አጥቻለሁ። በእድር ስብሰባ ከእኔ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። አልፈርድበትም።

አራት፣ እትዬ ውዴ ባለፈው ሰሞን ሱቄ ድረስ መጥታ አመሰገነችኝ። "አንድ ኪሎው አሁን ልጆቼን ያጠግብልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ከሄደች በኋላ ከደጅ ተመለሰች። "ግን አያ ጥሩነህ፣ ሚዛኑ እንዲያ መሆኑን መቼ ነው ያወቁት?"

"ያን ዕለት" አልኳት።

ይህንንም ያለ አስተማሪ ችያለሁ።